ካፕ ኬክ ከነወረቀቱ

«እኔ ጣፋጭ አልወድም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ቀስ ብዬ ከአጠገቡ እነሳለሁ። ይዋሻል ብዬ አይደለም፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ግን ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ምን ይወራል? እኔ ሻይ የምጠጣው ስኳሩን ለማውረድ ነው። ሐኪም «ቀንስ» ያለኝ ጊዜ ሻዩን ቀነስኩ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በኋላ «አንተን ኬክ ቀማሽ ያደረገህ ማን ነው?» እንዳትሉኝ ነው። ብቃቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

የምኖረው ቢስቲማ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የኅብረተሰብ ትምህርት አስተምሬያለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ማስተማር ለሰው ምን ይሰጠዋል ብትሉኝ፣ የቀይ እስክሪብቶ ፍቅር ይሰጠዋል እላችኋለሁ። እኔ የሠርግ መጥሪያ ወረቀት ሲደርሰኝ እንኳ ስሕተቱን አክብቤ፣ ዳር ላይ «ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መሻሻል አለበት» ብዬ የምጽፍ ሰው ነኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ሐያት ደወለችልኝ። ሐያት የእህቴ ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በአዳር ፈረቃ ትሠራለች። ቀን ቀን፣ መተኛት ሲገባት፣ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ካፕ ኬክ እየጋገረች ለሰፈር ሰው ትሸጣለች። ኦቨኑን የገዛችው ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ሳትለብስበት ሳታጌጥበት አጠራቅማ ነው።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው» አለችኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እትዬ ሰዓዳ የሚባሉ የኮምቦልቻ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ለሠርጉ ሦስት መቶ ካፕ ኬክ ይፈልጋሉ። ከደሴ ኬክ ቤት ላስመጣ ወይስ ለዚች ልጅ ልስጣት እያሉ እያመነቱ ነው። ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ላይ ሐያት ቤት መጥተው፣ ቀምሰው ይወስናሉ። ሥራው ከተገኘ ሐያት የአዳር ፈረቃውን ትታ እንደ ሰው ተኝታ እንደ ሰው ልትነሣ ነው። ካልተገኘ ያው እዚያው ናት።

«የደሴዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ባውቅ ጥሩ ነበር። እኔ ከአዳር ገብቼ መጋገር አለብኝ። እርስዎ ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ሦስት አራት ቤት ገብተው ቢቀምሱልኝና፣ ከሰዓት ወደኔ ወርደው ቢነግሩኝ?»

«አብሽሪ ልጄ፣ ይህ ለኔ ሥራ ነው?» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ካፕ ኬክ ምን እንደሆነ እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ።

ቅዳሜ በጠዋት ተነሣሁ። የደሴ ብርድ ስለሚታወቅ ለወላጆች ስብሰባ የምለብሰውን ጃኬት ለበስኩ። አዲስ ደብተር ያዝኩ። ቀይ እስክሪብቶዬን ደረት ኪሴ ላይ ሰካሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ሳየው ኬክ ሊበላ የሚሄድ ሰው አልመስልም ነበር። እዚያው ላይ ነቅቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ከፒያሳ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ኬክ ቤት ባለቤት ጢማቸውን ሒና የተቀቡ ወፍራም ሰውዬ ናቸው። «ካፕ ኬክ ሁለት» አልኳቸው። መጣልኝ። ትንሽ፣ ክብ፣ አናቱ ላይ ነጭ ክሬም የተቆለለበት፣ ዙሪያውን ደግሞ የተሸበሸበ ቡናማ ነገር የከበበው ኬክ ነው። ከመብላቴ በፊት ደብተሬን ገለጥኩና ሐያት ልታውቀው ትፈልጋለች ያልኩትን ሁሉ ጠየቅሁ። ዱቄቱ የምን ዱቄት ነው? ክሬሙ መቼ ተመታ? እንቁላሉ የት ነው የሚቀመጠው? ሰውዬው እየመለሱልኝ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ይጠርጋሉ፤ ይጠርጋሉ፤ ይጠርጋሉ።

ከዚያ በላሁ። ክሬሙ ጥሩ ነው። ኬኩ ደረቅ ይላል። ቡናማው ቅርፊት ግን አስቸገረኝ። ባኝከው ባኝከው አልላም አለኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው። እንደ ምንም በውኃ አወረድኩትና «ቅርፊቱ ጠንከር ይላል» አልኳቸው።

ሰውዬው አዩኝ። ደብተሬ ላይ በቀይ «6/10፤ ቅርፊቱ ይታሰብበት» ብዬ ስጽፍም አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው አንድ ካፕ ኬክ አነሡና እንደኔው ከነቅርፊቱ ጎረሱ። ብዙ ካኘኩ በኋላ «እውነትዎን ነው፤ ጠንክሯል። ኢንሻአላህ እናስተካክላለን» አሉኝ። ሒሳብ ብላቸው «ወላሂ አይሆንም!» ብለው ገንዘቤን መለሱልኝ። የደሴ ሰው ደግ ነው ብዬ መርቄ ወጣሁ።

ሁለተኛው መናፈሻ አካባቢ ነው። ስገባ አንዲት ሴት የሚያበራ ወለል ትወለውላለች። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ የፀጉር መሸፈኛ አድርጓል፤ መሸፈኛው ገና ከእሽጉ መውጣቱ ስለሆነ እጥፋቱ አልተቃናም። ሳልጠይቀው ሁለት ካፕ ኬክ አቀረበልኝና «ጌታዬ፣ ወላሂ ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ቀለም አይለቅም» አለኝ።

የምን ወረቀት? ዞር ስል፣ ከጎኔ ያለች ተስተናጋጅ ካፕ ኬኳን ይዛ ቡናማውን ቅርፊት በጣቶቿ እየላጠች ስታስቀምጠው አየሁ። ያኔ ገባኝ። ቅርፊት ብዬ ስድስት የሰጠሁት ወረቀት ኖሯል።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ግን አስተማሪ ነኝ። አስተማሪ ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ እንደሆነ «አያችሁ፣ ልጆች? ሆን ብዬ ነው፤ ማን እንደሚነቃ ልፈትናችሁ ብዬ ነው» ይላል እንጂ በተማሪ ፊት አያጠፋም። ስለዚህ ወጣቱን ፊት ለፊት እያየሁ ሁለቱንም ከነወረቀታቸው በላኋቸው። ዝግ ብዬ። ልጁ ላብ አላበው።

ስወጣ በር ድረስ ሸኘኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «ጌታዬ፣ ሪፖርቱ ላይ በጎ ጎናችንንም ይጻፉልን» አለኝ። ለካ ቁጥጥር መስያቸው ኖሯል! የፒያሳው ሰውዬ ስልክ ደውለው «ጃኬት የለበሰ፣ በቀይ የሚጽፍ፣ ወረቀቱን ሳይቀር አኝኮ የሚመረምር ተቆጣጣሪ መጥቷል፤ ተጠንቀቁ» ብለው አስጠንቅቀውለታል።

እዚያው በሩ ላይ «ኧረ ወንድሜ፣ እኔ የቢስቲማ አስተማሪ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ልጁ «ጌታዬ» ብሎኛል። ሁለት ጊዜ። ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ አንድም ሰው ጌታዬ ብሎኝ አያውቅም። ርዕሰ መምህራችን በእጁ ነው የሚጠራኝ። አፌን መልሼ ገጠምኩና ጭንቅላቴን ነቅነቅ አድርጌ ሄድኩ። ወደድኩት፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

ሦስተኛው ቧንቧ ውኃ የሚባለው ሰፈር ያለው ነው። እዚያ ሠራተኞቹ በሙሉ በር ላይ ተሰልፈው ጠበቁኝ። አንድ ሽማግሌ ተስተናጋጅ ጠረጴዛው ላይ ያንጠባጠቡትን ፍርፋሪ በመዳፋቸው ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱ። ካፕ ኬኩ መጣ፤ ተልጧል። የኔ ነገር ከቁጥጥር ውጪ መሆኑን የምታውቁት እዚህ ላይ ነው፤ ኮስተር ብዬ «ወረቀቱስ?» አልኩ።

ግርግር ሆነ። ወደ ጓዳ ተሮጠ። ወረቀቱ ለብቻው፣ በነጭ ሳህን ላይ ተዘርግቶ፣ ከሹካ ጋር ቀረበልኝ። በሹካ በላሁት። ሰው ራሱ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ነው፤ ጨውም አልነበረውም። ለድካማቸው 8/10 ሰጠኋቸው። ሴትየዋ ገንዘብ ያዢ ቁጥሩን አንገቷን አስግጋ አይታ «አልሐምዱሊላህ!» ስትል ሰማኋት።

አራተኛው ሸዋ በር፣ የኮምቦልቻ መኪና ከሚያዝበት አጠገብ ነው። ባለቤቷ ዘይነባ የምትባል ቀልጠፍ ያለች ሴት ናት። ከሁሉም የማትፈራኝ እሷ ብቻ ነበረች። ካፕ ኬኩን ከነወረቀቱ ወደ አፌ ሳስጠጋ ከእጄ ወሰደችና ልጣ መለሰችልኝ። «ይሄ አይበላም ጌታዬ። ሆድዎን ያሳዝኑት እንጂ» አለችኝ። ሻይም ጋበዘችኝ። ከዚያ እግረ መንገዷን «ከዚህስ ወዴት ነዎት?» ስትል ጠየቀችኝ።

አንዳንድ ጥያቄ አለ፤ «ወደ ቤቴ» ብለው ቢመልሱት ማንም የማይጎዳበት። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ተደላድዬ «ወደ ኮምቦልቻ ነው የምወርደው። አንዲት በቤቷ የምትጋግር ልጅ አለች። ዛሬውኑ ጉዳዩን እሷ ዘንድ ነው የምጨርሰው» አልኳት።

ዘይነባ ፊቷ ተለወጠ። «ምስኪን» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ለኔ ያዘነችልኝ ስለመሰለኝ ውስጤ ረካ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይጠማዘዛል፤ ቁልቁል ነው፤ ሹፌሩም ቁልቁለት ሲያገኝ ደስ የሚለው ዓይነት ነበር። ሆዴ ውስጥ ስድስት ካፕ ኬክና አምስት ወረቀት አለ። በየጥምዝማዙ ወረቀቶቹ ሲገለጡ ይሰማኛል። ከጎኔ የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው «ያ ጀሊሉ! ልጄ፣ ምን በላህ?» አሉኝ። ብነግራቸው አያምኑኝም ብዬ «ያልሆነ ነገር» አልኳቸው።

ኮምቦልቻ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሙቀቱ ሌላ ነው። ሐያት የምትኖረው የፋብሪካ ሠራተኞች የሚከራዩት፣ ክፍሎቹ ተደርድረው የተሠሩበት ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ።

«ማነው?» የሐያት ድምፅ ነው፤ ግን ቀጥኗል።

«እኔ ነኝ፤ አጎትሽ።»

በሩ በስንጥቁ ተከፈተና እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችኝ። ክፍሉ ጨልሟል። ኦቨኑ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ በላዩ ላይ ፍራሽ ተጭኖበታል። ምድጃው ላይ ሽንኩርት ይቁላላል፤ ሊበላ አይደለም፤ የኬኩን ሽታ እንዲያጠፋ ነው።

«አጎቴ፣ አለቀልኝ! ተቆጣጣሪ እየመጣብኝ ነው!»

«የምን ተቆጣጣሪ?» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ያን ሰዓት አልገባኝም።

«ከደሴ ነው አሉ። ኬክ ቤቶቹን ከጠዋት ጀምሮ ሲያምሳቸው ነው የዋለው። ጨካኝ ነው፤ ወረቀቱን ሳይቀር እየበላ ይመረምራል። አንዲት የደሴ ሴት ናት ኮምቦልቻ ላለች እህቷ የደወለችው። በቤቷ የምትጋግረውን ልጅ ዛሬ ልጨርሳት ነው ብሎ ዝቷል፤ ማን እንደሆነች ፈልጋችሁ አድኗት ብላ። እህቷ ለፋብሪካ ልጆች ነገረች፤ እነሱ ሮጠው ለኔ። አላህ ይስጣቸው። እኔ ደግሞ ፈቃዱን ከሠርጉ በኋላ አወጣለሁ ብዬ...»

«ምን ይመስላል አሉ?»

«ጃኬት የለበሰ፣ ደረቱ ላይ ቀይ እስክሪብቶ የሰካ ሽማግሌ ነው አሉ።»

ሽማግሌ የሚለው ትንሽ ከነከነኝ። «ሙቀቱ አይቻልም» ብዬ ጃኬቱን ከነእስክሪብቶው አወለቅሁና ጠቅልዬ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ በድንጋጤ ዓይኗ ስለማያይ አላስተዋለችም።

«ካፕ ኬኩስ የት አለ?» አልኳት።

«በሳህን በሳህን እያደረግሁ፣ ሸፍኜ ለጎረቤቶቼ ሰጠሁት።»

«ምን ብለሽ?»

«ምን እላለሁ አጎቴ? በየበሩ እንኩ ብዬ ሮጥኩ!»

የኛን አገር ለማያውቅ ልንገረው። በኛ ሰፈር የተሸፈነ ሳህን በሰው በር ከገባ ሰደቃ ነው። «ምንድን ነው? ለምንድን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። እጅ ይዘረጋል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ይበላል። ያን ጊዜ ሁሉን ዘርግፌ ልነግራት አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። ዐሥር ሰዓት ሆኗል። እትዬ ሰዓዳ ከታላቅ እህታቸው ጋር መጥተዋል።

እትዬ ሰዓዳ ረጅም፣ ዓይናቸው ፈጣን ሴት ናቸው። ጨለማውን አዩ፤ ፍራሹን አዩ፤ ሽንኩርቱን አሸተቱ። «ኸይር ነው ልጄ? ኬኩስ?» አሉ። ሐያት የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። «አብሽሪ፤ ጎረቤት ካለማ ምን ችግር አለ? እዚያው ሄደን እንቀምሳለን» አሉና ተነሡ። አራታችንም ተከታትለን ወጣን።

የመጀመሪያው ቤት አባ እንድሪስ የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ባዶ ሳህን ፊታቸው ተቀምጧል። ሐያትን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉና «አላህ ይቀበልሽ ልጄ! ለሟቾችሽ ይድረስልሽ!» አሉ። ዱዓው እስኪያልቅ አሚን እያልን ቆምን። ረጅም ነበር። ብዙ ሟች አለን።

ሁለተኛው ክፍል ከአዳር ፈረቃ የገቡ ሦስት ልጃገረዶች ናቸው። ስድስት ካፕ ኬክ ለሦስት ሰው ሲካፈል ሁለት ሁለት ይደርሳል፤ እነሱ ግን አንደኛዋ ሦስት በልታለች ተባብለው ተኳርፈዋል። ሦስተኛዋ ጎረቤት እያንዳንዷን ካፕ ኬክ አራት ቦታ ቆርሳ ለአማቷ ዘመዶች አዳርሳ ጨርሳለች። «ምነው ቀድማችሁ በመጣችሁ! ወላሂ ሳትቀመጡ አትሄዱም!» ብላ በግድ አስቀመጠችንና ባዶውን ሳህን እያሳየች ጣዕሙን ተረከችልን። አራተኛዋ ደግሞ «ሌላም ሰደቃ አለሽ?» ብላ ጠየቀች።

ወደ ክፍሏ ተመለስን። እትዬ ሰዓዳ ተቀመጡ። «እጅሽስ ሸጋ ነው፤ አራት ቤት ባዶ ሳህን አይቻለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን እቀምሳለሁ?» አሉ። ሐያት ፊቷ ሊበራ ሲል ቀጠሉ። «ግን ልጄ፣ ሰውዬውን ፈራሁት። እንዲህ በክፉ የያዘሽ ሰው ሠርጌ ቀን መጥቶ በእንግዳ ፊት አቁሙ ቢለኝስ? አንድ ልጅ ነው ያለችኝ። አውፍ በዪኝ፤ ከደሴ አስመጣለሁ።» ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሐያት አልለመነቻቸውም። «እሺ እትዬ» ብቻ አለች። አዳር ሠርታ ገብታ፣ ሌሊቱ ሳይለቃት ጋግራ፣ የጋገረችውን በገዛ እጇ አከፋፍላ፣ «እሺ እትዬ»። ሆዴ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ላይ መጣ፤ ወረቀቱም ነገሩም።

«ሰውዬው አይመጣም» አልኩ።

«እርስዎ በምን አወቁ?» አሉ እትዬ ሰዓዳ።

«መጥቷል።»

ተነሣሁና የተቀመጥኩበትን ጃኬት ዘርግቼ ለበስኩት። ቀይ እስክሪብቶውን አወጣሁ። ደብተሩን ገለጥኩ። «ፒያሳ፤ ስድስት ከዐሥር፤ ቅርፊቱ ይታሰብበት» ብዬ አነበብኩ። ሌላውንም ቀጠልኩ። ጌታዬ መባሌን፣ መውደዴን፣ በሹካ መብላቴን፣ ለዘይነባ ያልኩትን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

ቀድመው የጠየቁት የእትዬ ሰዓዳ ታላቅ እህት ናቸው። «ወረቀቱን የበሉት... እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ስንት?»

«አምስት።»

እትዬ ሰዓዳ መጀመሪያ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ቀጥሎ ግድግዳውን ያዙ። በመጨረሻ ወገባቸውን ይዘው ወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲወጣላቸው «ልጄ፣ ሥራው ያንቺ ነው። ፈቃድሽን ግን ከሠርጉ በፊት ሰኞ አውጪ፤ እውነተኛው እንዳይመጣብን» አሉና ሐያትን ስመው ሄዱ። ሳቃቸው ከግቢው በር ውጪ ድረስ ይሰማ ነበር።

ሐያት አልሳቀችም። ስልኳን አነሣችና ደወለች። «ወንድሜ፣ ይቅርታ፤ ኦቨኑን አልሸጥም። አዎ፣ ሐሳቤን ቀይሬ ነው። መኪና ይዘህ ከደጋን እንዳትነሣ» አለች።

አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሁለት ዓመት ድካሟን ልትሸጥ ተስማምታ ኖሯል። እኔ ደሴ ላይ ጌታዬ ስባል ውዬ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። «ሐያት፣ ይቅር በዪኝ» አልኳት።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ አጎቴ። ሥራውም ተገኝቷል» አለችና ፍራሹን ከኦቨኑ ላይ ማውረድ ጀመረች። «ግን እነዚያ አራቱ ቤቶች ዛሬ እንዴት የዋሉ ይመስልዎታል? አሁንም እኮ ሊያሽግብን ነው ብለው እየጠበቁ ነው። ነገ እሑድ ነው፤ ከነገ ወዲያም ሥራ ሊፈቱ ነው። መኪና ሳያልቅ ይሂዱና ይንገሯቸው።»

ይህ ለኔ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልታየኝም ነበር። የፒያሳው ሰውዬ እጅ ሽርጣቸው ላይ የተመላለሰው፣ ልጁን ላብ ያላበው፣ ያቺ ሴት «አልሐምዱሊላህ» ያለችው፣ ሁሉም እንደኔዋ ሐያት ፈርተው ነው።

ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አራት ቦታ የምለውን አስቀድሜ መለማመድ ፈለግሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አሰላሙ ዐለይኩም፤ ይቅርታ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ» አልኩ።

ከጎኔ ያለው መንገደኛ የሚያናግረው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት ዞረና «ወዐለይኩሙ ሰላም! ምን ያስተምራሉ?» አለኝ።

«የኅብረተሰብ ትምህርት» አልኩት፤ ቀይ እስክሪብቶዬንም ከደረቴ ነቅዬ ጃኬቴ ውስጥ ደበቅሁት።